ትኩስ ጉርሻ በአያ ሊ ቤት

እኔ ትዳሬን ያገኘሁት በሊጥ ነው። ሌላው ሰው ሲጠየቅ "በዘመድ ነው፣ በሽምግልና ነው፣ ጥምቀት ላይ ሎሚ ወርውሬ ነው" ይላል። እኔ ግን ማጋነን ስለማልወድ እውነቱን እናገራለሁ፤ በሊጥ ነው። ማጋነን አልወድም ስላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ እመኑኝ እንጂ የሚያውቁኝን ሰዎች እንዳትጠይቁ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከአገራችን ወጥቶ፣ ማኪናውና ቦርሳው ግን ስማቸውን ሳይቀይሩ እኛው ዘንድ በቀሩበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና መቺ ነበርኩ። መቺ ስላችሁ በአሥር ጣት እንዳይመስላችሁ፤ በሁለት ነው። እነዚያ ሁለት ጣቶች ግን የሚያሰሙት ድምፅ ከፎቅ እስከ መንገድ ስለሚሰማ፣ አላፊ አግዳሚው ትልቅ ሥራ የተያዘ እየመሰለው ቀና ብሎ ያይ ነበር። እኔም ይህን ስለማውቅ ከረባቴን አስተካክዬ በመስኮት ብቅ እላለሁ። በከተማው ከእኔ የሠለጠነ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

የሚበልጠኝ የመጣው ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ነው። ድሮ ዳቦ ቤት የነበረች፣ ኋላ የአይጥ መንደር የሆነች አንዲት ክፍል ተጠርጋ ሰማያዊ ቀለም ተቀባች፤ በሯም ላይ "የቻይና ምግብ ቤት" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ባለቤቱ ሊ የሚባል ቻይናዊ ነው። ወደ አገራችን የመጣው ለአንድ ፈረንጅ ሐኪም ወጥ ሠሪ ሆኖ ነበር። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሊ አብሮ አልሄደም። እትዬ በላይነሽ የምትባል የአዲ አርቃይ ሴት አግብቶ፣ ክርስትና ተነሥቶ፣ ኃይለ ሚካኤል ተብሎ እዚሁ ቀረ። ዕድሜው ጠና ያለ ስለሆነ ሰፈርተኛው "አያ ሊ" ይለዋል። አማርኛ ያስተማረችው ሚስቱ ናትና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት በግ ሊሸጥ ገበያ የመጣ የሰሜን ሰው ይመስላችኋል።

የሚሸጠው ምግብ አንድ ብቻ ነው። ሊጥ በስሱ ይዳመጣል፤ የተከተፈ የበግ ሥጋና ሽንኩርት ይደረግበታል፤ ጠርዙ እየተቆነጠጠ ይዘጋል፤ ከዚያ በእንፋሎት ይበስላል። እሱ "ጃውዚ" ይለዋል። እንፋሎቱ የሚወጣበት ድስት ራሱ ታሪክ አለው። እትዬ በላይነሽ ከከተማ ወጣ ብለው ከሚኖሩት ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄዳ ቂጡ የተበሳሳ ድስት እንዲሠሩላት ብትጠይቅ፣ አንዷ ሸክላ ሠሪ፣ "ምነው እቴ? ዕድሜ ልኬን የማያፈስ ድስት ሠርቼ፣ በስተርጅና የሚያፈስ ሠራች ልባል?" ብላ እምቢ አለቻት። በስንት ልመና፣ የሠራሁት እኔ መሆኔን ለማንም እንዳትናገሪ ብላ ካስማለቻት በኋላ ነው የሠራችላት። ይኸው እኔም ሰማሁ፣ እናንተም ሰማችሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ቤቱ በተከፈተ ሳምንት ፒያሳ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንዱ "ውስጡ ያለው እንቁራሪት ነው" ይላል። ሌላው "እንቁራሪትስ በሆነ" ብሎ ይተክዛል፤ የባሰውን ግን አይናገርም። በጣሊያን ጊዜ ወጥ ቤት ድንች ይልጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከበሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ "ይኸማ የጣሊያኖቹ ራቪዮሊ ነው! አምስት ዓመት ሙሉ ያየሁትን ማን ሊያታልለኝ!" ብለው ፈረዱ። አያ ሊ ከውስጥ ሰምቶ ወጣ።

"አባቴ፣ ጣሊያን እኮ ከእኛ ነው የወሰደው" አላቸው።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። "ከእናንተም ወሰደ?" አሉና እጁን ጨብጠው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘወትር ደንበኛ ሆኑ።

እኔም ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ ነበርኩ። መጀመሪያ የቀመስኩት ዓይኔን ጨፍኜ፣ በስመ አብ ብዬ፣ በሆዴም ለዘመዶቼ ስንብት አድርጌ ነው። ሲጣፍጥ ጊዜ ግን ፍርሃቴን ረስቼ መምህር ሆንኩ። በየቡና ቤቱ እየተቀመጥኩ ስለ ጃውዚ አገላብጬ አወራ ነበር። እውነቱን ለመናገር የበላሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በርዶ የቆየውን።

አሁን ወደ ጭንቄ ልምጣ። አስናቀች የምትባል ልጅ ወድጄ ነበር። ከድብ ባሕር መጥታ ጎንደር የአስታማሚነት ትምህርት የምትማር ልጅ ናት። ወደድኩ ስላችሁ እንዲያው አይደለም፤ ስሟን ስመታ የመንግሥት ወረቀት የጨረስኩ ሰው ነኝ። እሷም አልጠላችኝም። አንድ ቀን በገዛ እጇ ቆሎ ቆልታ፣ በመሐረብ ቋጥራ መሥሪያ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። ቆሎው ከሰል መስሏል። ስቆረጥመው አፌ እንደ ከሰል ጆንያ ጠቆረ። ቢሆንም አንዲት ፍሬ ሳላስቀር በላሁት፤ ከእሷ እጅ የመጣ ነዋ።

አባቷ ግራዝማች አየነው ይባላሉ። እናቷ የሞተችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ያሳደጓት እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሁለት ጊዜ "እናስብበት" ብለው መልሰዋል። ከእኔ በፊት ሦስት ሰዎች ጠይቀዋት ሦስቱንም አሰናብተዋል። ከሦስቱ አንዱ ሰፊ መሬት ያለው ሰው ልጅ ነበር። ባለ መሬቱን የመለሱ ሰው ባለ ጽሕፈት መኪናውን፣ ያውም መኪናው የመንግሥት ሆኖ፣ ምን ሊያደርጉት ነው? ሦስተኛ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ይዘውልኝ የመጡት መልስ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሣ ሆነ። "በመሬት ክርክር ጉዳይ ጎንደር እመጣለሁ። ልጁን ራሴ ማዕድ ላይ አየዋለሁ። ሰው የሚታወቀው በማዕድ ነው። ያን ቀን ቁርጡን እነግረዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ እንዳይልክ" ብለዋል።

አስናቀችን "ማዕድ ላይ የሚያዩት ምኑን ነው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"እኔ ምን አውቄ" አለች። "ሦስቱንም ቤታችን ምሳ ጋብዞ ነው የመለሳቸው። ምን እንዳየባቸው ለኔም አልነገረኝም።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ያንተን ግን እንዲመልስ አልፈልግም" አለችኝ። ይህን ሰምቼ ወደ መሥሪያ ቤት ስመለስ በእግሬ መሄዴን እንኳ አላስታውስም።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ደህና ጠጅ ቤት ወስዶ፣ ደህና ጥብስ አዝዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይበላ ነበር። እኔ ግን አሰብኩ። የእኔ ችግር ሁልጊዜ የሚጀምረው ሳስብ ነው። ግራዝማች የሚያውቁት ማዕድ ላይ ከቀረብኩ መዛኙ እሳቸው፣ ተመዛኙ እኔ ነኝ። የማያውቁት ማዕድ ላይ ከቀረቡ ግን አዋቂው እኔ፣ ተማሪው እሳቸው ይሆናሉ። ስለዚህ አያ ሊ ቤት!

አንድ እንቅፋት ብቻ ነበር። አያ ሊ ቤት የሚበላው በሁለት ቀጫጭን እንጨት ነው። ደንበኞቹ ሁሉ እንጨቱን ገሸሽ አድርገው በእጃቸው ይበላሉ፤ እኔ ግን ለአማቴ በእንጨት በልቼ ላሳይ ቆረጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብዬ በሁለት እርሳስ ሽምብራ ከጠረጴዛ ሳነሣ ሰነበትኩ። በስድስተኛው ቀን ከሦስት ሽምብራ አንዷ አፌ መድረስ ጀመረች። የቀሩት ሁለቱ የት እንደሚሄዱ አይታወቅም፤ አለቃዬ በር ከፍተው ሲገቡ ግን አንደኛዋ ግንባራቸው ላይ አረፈች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት።

ቀኑ ደረሰ። ረቡዕ ነው፤ ነገር ግን ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ግራዝማች በተባለው ሰዓት መጡ። ቁመታቸው በሩን ዝቅ ብለው እንዲገቡ ያስገድዳል። ሪዛቸው እንደ በሬ ቀንድ ግራና ቀኝ ወጥቶ ጫፉ ሾሏል። ብቻቸውንም አልመጡም፤ የነፍስ አባታቸውን አባ ተገኝን አስከትለዋል። አባ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። አንድ ፈታኝ ስጠብቅ ሁለት መጡብኝ።

አያ ሊ ከወጥ ቤት ወጥቶ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ግራዝማች፣ ጨዋ ሰው ናቸውና፣ እሳቸውም ዝቅ አሉ። አያ ሊ ደግሞ ትልቅ ሰው ከእኔ በላይ ዝቅ ሊል አይገባም ብሎ ይበልጥ ዝቅ አለ። ግራዝማች እንግዳ በትሕትና አይበልጠኝም ብለው ይበልጥ ዝቅ አሉ። የሁለቱም ግንባር ከጠረጴዛው ሥር ሊገናኝ ትንሽ ሲቀረው እትዬ በላይነሽ፣ "በሉ ቀና በሉ፣ ሊጡ ደረቀ" ብላ ገላገለቻቸው።

"ይኸስ የጨዋ ልጅ ነው" አሉ ግራዝማች ወገባቸውን ይዘው። ልቤ ሞቅ አለ፤ ጅምሩ መልካም ነው።

እጃችንን ታጠብን። እትዬ በላይነሽ በየፊታችን ሁለት ሁለት እንጨት አስቀመጠች። ግራዝማች አንዱን አነሡ፣ አገላበጡ፣ አሸተቱ።

"የምን እንጨት ነው?"

"የወይራ ነው፣ ጌታየ" አለች እትዬ በላይነሽ። "ባሌ ራሱ ነው የጠረበው።"

"ሸጋ!" አሉ ግራዝማች። "ከምሳ በፊት መፋቂያ የሚሰጥ ቤት ገና ዛሬ አየሁ።" ይህን ብለው የእንጨቱን ጫፍ አኝከው ጥርሳቸውን ይፍቁ ጀመር። አባ ተገኝም "ንጽሕና ከእግዜር ነው" ብለው ተከተሏቸው።

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? "ግራዝማች፣ ተሳስተዋል" ትሉ ነበር? ልጅቱን የምትፈልጉ ከሆነ አትሉም። እኔም እንጨቴን አንሥቼ ፋቅሁ። አያ ሊ ብቅ ሲል ሦስት ሰዎች ተደርድረው ጥርሳቸውን በጠረበው የመብያ እንጨት ሲፍቁ አየ። ተመልሶ ገባ። እትዬ በላይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተከተለችው፤ ከውስጥ ድስት ሲወድቅና ሰው በሳቅ ሲንፈቀፈቅ ሰማሁ።

ቀጥሎ ምግቡ መጣ። ለሦስታችን በሦስት ሳህን። ግራዝማች የራሳቸውን ሳህን አዩ፣ የእኔን አዩ፣ የአባን አዩ።

"ምነው? ተጣልተናል እንዴ?"

"ኧረ አልተጣላንም ግራዝማች!"

"ታዲያ ማዕዱን ምን ለያየው? ለየብቻ የሚበላ ውሻ ነው፤ እሱም ሌላ ውሻ እንዳይነጥቀው ብሎ ነው።"

እትዬ በላይነሽ ፈጥና ሦስቱንም ሳህን አንድ ሰፊ ትሪ ላይ ገለበጠቻቸው። ግራዝማች እጃቸውን ሲዘረጉ አባ ተገኝ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟቸው።

"ቆይ ቆይ። የተሸፈነ ነገር ሁለት ነው፤ ወይ ምሥጢር ነው ወይ ኃጢአት ነው። በዚህ ሊጥ ውስጥ ያለው የቱ ነው?"

"የበግ ሥጋ ነው አባ" አለች እትዬ በላይነሽ። "ያረደው የወንድሜ ልጅ ነው፤ በስመ አብ ብሎ ነው ያረደው፣ ቆሜ አይቻለሁ።"

"ያበሰለውስ?"

አያ ሊ ተጠራ። አባ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ "ልጄ፣ ክርስትና ስምህ ማን ነው?" አሉት። "ኃይለ ሚካኤል" አለ። "በል አቡነ ዘበሰማያት ድገምልኝ" አሉት። አያ ሊ እጁን አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ሳይስት ደገመ። አባ ደስታቸው መጠን አጣ።

"ይኸ ልጅ ከሩቅ መጥቶ እንዲህ ካወቀ እዚሁ ያደገውማ እንዴት ይሆን!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ አንተ።"

አቡነ ዘበሰማያት ጠፍቶኝ አያውቅም። ጠዋት ማታ እደግማለሁ። ግን ግራዝማች ሪዛቸውን እየጠመዘዙ ሲመለከቱኝ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ሽምብራ ብቻ ነበር። "አቡነ ዘበሰማያት... ይትቀደስ ስምከ... ትምጻእ መንግሥትከ..." አልኩና ቆምኩ። ከኋላዬ በሹክሹክታ፣ "ወይኩን ፈቃድከ" የሚል ድምፅ መጣ። አያ ሊ ነው። የጎንደር ተወላጅ በቻይናዊ እየታገዘ አቡነ ዘበሰማያት ጨረሰ። ግራዝማች አባን አዩ፤ አባም ትሪውን ባረኩ።

ይህን ውርደቴን የሚያጥብልኝ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እንጨቴ። ሌላ ንጹሕ ጥንድ አስመጣሁ። "ግራዝማች፣ እንዲህ ነው የሚበላው" ብዬ አንዷን ጃውዚ ቆነጠጥኳት። ተነሣች! እውነቴን ነው፣ ተነሣች። ግማሽ መንገድ ከመጣች በኋላ ግን ወደ ግራ ተስፈንጥራ ተሰወረች። ትሪው ላይ የለችም፣ ጠረጴዛው ላይ የለችም፣ መሬት ላይም የለችም። ፈለግናት፤ አጣናት። "ተሰወረችኮ" አሉ አባ፣ ቅር ሳይላቸው። እኔ እንጨቱን ኪሴ ከተትኩ።

በዚህ ሁሉ ምርመራ መሐል ምግቡ በርዶ ነበርና አያ ሊ ትሪውን አንሥቶ፣ ከእንፋሎቱ ድስት በቀጥታ የወጡ ሌሎች ጃውዚዎች ይዞ መጣ። ሊጡ ውስጥ መረቁ ሲንተከተክ ከውጭ ይታያል።

"በጣም ትኩስ ነው፤ መጀመሪያ ጫፉን..." ብሎ ሲጀምር እጄን አነሣሁበት።

"አውቃለሁ አያ ሊ፣ አውቃለሁ።"

ምን አውቅ ነበር? ምንም። ግን አንድ የማውቀው ነገር ነበር፤ ማዕድ ላይ ሁሉ ነገር ሲበላሽ የሚያድን ጉርሻ ነው። ጨዋ ልጅ አማቱን ያጎርሳል። ከትሪው ትልቋን መረጥኩ። ጣቴን ፈጀችኝ፤ በትዕግሥት ቻልኩ። በርበሬ አስነካሁ። ብድግ ብዬ፣ ቀኝ እጄን በግራ እጄ ደግፌ፣ "በሞቴ፣ ግራዝማች" አልኩ።

ግራዝማች አፋቸውን ከፈቱ። ሙሉዋን፣ እንዳለች አስገባሁላቸው። ግራዝማችም ሙሉዋን፣ እንዳለች ነከሷት።

መረቁ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ በሪዛቸው መሐል ተፈትልኮ ወጥቶ የአባን እጅጌ መታ፤ ግማሹ ውስጥ ቀረ። የግራዝማች ዓይን ፈጠጠ። ፊታቸው ቀላ። ጉንጫቸው በግራ አበጠ፣ በቀኝ አበጠ። ይትፉት እንዳልላቸው ጉርሻ አይተፋም፤ ጉርሻ ከመትፋት ሞት ይሻላል። እሳቸውም አልተፉም። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ዋጡ። ከሪዛቸው ጫፍ እንፋሎት ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

አስናቀችን ከፊቴ ይዘውብኝ ሲሄዱ ታየኝ። ድብ ባሕር ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ ታየኝ። ግራዝማች ቀስ ብለው ተነሡና ቆሙ። እኔም ከጭንቀቴ ብዛት ሌላ ጃውዚ አንሥቼ፣ "ግራዝማች፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባላልና..." አልኩ።

"አስቀምጠው!"

አስቀመጥኩት። እሳቸው ግን ወደ በሩ አልሄዱም። እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ፣ ትሪው ላይ አጎነበሱ፣ ገና ከሚጨሱት ሁሉ ትልቋን መረጡ፣ በርበሬው ውስጥ ነከሯት።

"ተራው የኔ ነው። ና።"

አፌን ከፈትኩ። ምን ምርጫ ነበረኝ? ስነክሳት ምላሴ ከአፌ ወጥቶ ሊሸሽ ሞከረ። ላንቃዬ ተላጠ። ጆሮዬ ውስጥ ደወል ተደወለ። ግራዝማች ፊቴ ላይ ተደፍተው፣ ገበያ ላይ የበቅሎ ጥርስ እንደሚያይ ሰው አንድ በአንድ ይመረምሩኛል። ግንባሬ ይጨማደዳል? አልጨማደድኩም። ቅንድቤ ይነሣል? ያዝኩት። "ያንተን ግን እንዲመልስ አልፈልግም" ያለችኝን አስቤ ዋጥኩ። እሳቱ የት የት እንዳለፈ እስከ ሆዴ ድረስ ተከትዬ መቁጠር እችል ነበር።

"እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ሸጋ ነው።"

"አላቃጠለህም?"

"ትንሽ ሞቅ ያለ ነው እንጂ ሸጋ ነው። እጅዎ ይባረክ።"

ግራዝማች ወደ አባ ተገኝ ዞሩ። አባም እጅጌያቸውን እየጠረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግራዝማች ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሳቃቸው የትሪውን ጠርዝ አንቀጠቀጠው። "አምጣ! ሁለተኛዋን አምጣ!" አሉና አፋቸውን ከፈቱ። ይህን ጊዜ አያ ሊ ሮጦ መሐላችን ገባ።

"ምነው ጌቶቼ፣ ምነው! ትሞታላችሁ እኮ! እንዲህ ነው፤ ጫፏን ትንሽ ትነክሳላችሁ፣ እፍ ትላላችሁ፣ መረቁን ትመጥጣላችሁ፣ ከዚያ ሌላውን ትበላላችሁ።" አሳየን። እፍ አልን። መጠጥን። በላን። እኔ የተቃጠለ አፌ የሚቀምሰው ባይኖርም የሦስት ሰው ያህል በላሁ። ድስቱ ባዶ ሆኖ እንደገና ተጣደ። አባ ተገኝ "ምሥጢር ነው እንጂ ኃጢአት የለበትም" ብለው በየጉርሻው መሐል ይመሰክሩ ነበር።

ጠግበን ስንወጣ ፀሐዩ በርትቶ ነበርና አባ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። የጠፋችው ጃውዚ ከእጥፋቱ ወጥታ ጥምጥማቸው ላይ ጠብ አለች። አባ በእጃቸው ዳሰሱ፣ አነሡ፣ አዩ፣ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። ከዚያ ጫፏን ነክሰው፣ እፍ ብለው በሏት።

ግራዝማች እጄን ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩኝ።

"ልጄ፣ እነዚያን ሦስቱን ለምን እንደመለስኋቸው ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ግራዝማች።"

"አስናቀች በሠራችው ወጥ ነው የፈተንኋቸው። አንደኛው ገና ሲጎርስ ፊቱን አኮማተረ። ሁለተኛው ውሃ ውሃ አለ። ሦስተኛው 'ዛሬ ጾም ላይ ነኝ' አለኝ፤ በፋሲካ ማግስት።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ልጄ ብልህ ናት። ያላየችው ትምህርት የለም። ወጥ ግን አልሆነላትም። እናቷ ሞታ ወጥ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ወጥ የት አውቃለሁ? ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ እሷ በባሏ ፊት አንገቷን ስትደፋ ማየት አልፈልግም። የምፈልገው የተማረ አይደለም፣ ባለ መሬትም አይደለም። አፉ እየነደደ ያጎረሰውን እጅ የሚመርቅ ሰው ነው።" ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። "ዛሬ ካቃጠልሁህ በላይ ልጄ አታቃጥልህም።"

ያኔ ያ ከሰል የመሰለ ቆሎ ትዝ አለኝ። ስለ ቆሎው ግን አልነገርኋቸውም። በአፌ የቀረችኝን ጥቂት ምላስ ሰብስቤ፣ "አባቴ" አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያን ሳምንት ሁሉ በእርጎ ብቻ ኖርኩ፤ እርጎውም ማር ማር ይለኝ ነበር።

በጥር ተጋባን። ግራዝማች ያ የማያልቅ የመሬት ክርክራቸው አምጥቷቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ያረፉ ዕለት አስናቀች ከጠዋት ጀምራ ጉድ ጉድ አለች። ሽታው እኔ ከመሥሪያ ቤት ስመጣ ገና ከሰፈሩ ጫፍ ተቀበለኝ። አንድ ትሪ ከበን ተቀመጥን። ወጡ ከመጥቆሩ የተነሣ መልካችን ይታይበታል። ጎረስኩ። ግራዝማች ከሪዛቸው በላይ ፊቴን እያዩ ነው።

"ሸጋ ነው" አልኩ።

እሳቸውም ጎረሱ። ዓይናቸው ትንሽ እንባ አቀረረ። "በጣም ሸጋ ነው" አሉ።

አስናቀች ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። ከዚያ እሷም ቆርሳ ቀመሰችና አፏን ይዛ ብድግ አለች።

"ኧረ ይኸ ወጥ አሯል!"

እኔና ግራዝማች በአንድ አፍ ጮህን፦

"አላረረም!"